ካሜራው ይተከል፣ ዘበኛው ይቀነስ?

ክርክር

በአዲስ አበባ፣ ገርጂ አካባቢ 23 አባወራዎች የሚኖሩበት አንድ መንደር ከነሐሴ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተሰርቋል፦ ነሐሴ ላይ የመኪና ስፖኪዮ፣ መስከረም ላይ የውሃ ፓምፕ፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ሌላ ስፖኪዮ። ለነዋሪዎቹ የቀረበው ሐሳብ በየበሩ ካሜራ ተገጥሞ የሌሊት ዘበኞቹ ከሁለት ወደ አንድ ይቀነሱ የሚል ነው። ሐሳቡን ያቀረበው በመንደሩ ያደገ የካሜራ ባለሙያ ሲሆን የሚቃወሙት የጥበቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ባለሙያው

ካሜራ መግጠም እንጀራዬ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፤ ዕቃውን ራሳችሁ ግዙ፣ ለመንደሬ የእጄን ዋጋ አልቀበልም።

ሌባ ሥራውን የሚጀምረው በዓይኑ ነው። በቀን ያልፋል፤ አጥሩን ያያል፤ መኪናው የት እንደሚያድር፣ መብራቱ የት እንደማይደርስ ይመዝናል። ቀና ሲል ካሜራ ካየ ወደ ሌላ ሰፈር የመሄዱ ዕድል ሰፊ ነው። ይህን ከኪሴ አላወጣሁትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣ፣ የ40 ዓመት ጥናቶችን የመረመረ ሥራ ካሜራ ባለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ 13 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል፤ በመኪና ማቆሚያዎች ደግሞ ቅናሹ ከዚህ ይበልጣል። የእኛ ችግር ደጅ የሚያድር መኪና አይደለምን?

ነገር ግን ካሜራ ሁሉ ካሜራ አይደለም። የማያውቁትን ሰው በፊቱ ለመለየት በምስሉ ላይ ለእያንዳንዱ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፣ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚገዛው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ወርዱ 1920 ፒክስል ነው። ይህ ለ7 ሜትር ተኩል ስፋት ቢበቃ ነው። ሰፊ በሚያሳየው በ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ደግሞ ይህን ስፋት ከካሜራው 3 ሜትር ያህል እንደራቅን እንደርስበታለን፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መኖሩ እንጂ ማንነቱ አይታይም። አንድ ካሜራ ሰቅሎ መንገዱን ሁሉ አያለሁ ማለት ገንዘብ መጣል ነው። አንዱ በሩን ይይ፣ ሌላው መኪናው የሚያድርበትን። ከመሬት ከ2 ሜትር ተኩል ብዙም ከፍ አይበል። የካሜራዎቹን ምስል የሚያስቀምጠው መቅረጫ ቴሌቪዥኑ ሥር አይቀመጥ፤ ቤት የገባ ሌባ አብሮ ይዞት ይሄዳል። ይለፍ ቃሉም በተገጠመበት ቀን ይለወጥ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ይለፍ ቃላቸው ያልተለወጠ ካሜራዎችንና መቅረጫዎችን እየወረረ ለጥቃት ተጠቅሞባቸዋል።

ካሜራ አይተኛም፤ ወር በመጣ ቁጥር ደመወዝ አይጠይቅም። ከአንዱ ዘበኛ ደመወዝ የሚተርፈው ዕቃውን ይከፍላል።

ሰብሳቢው

ልጄ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በፒክስሉ አልከራከርህም፤ ሙያህ ነው። «ካሜራ አይተኛም፤ ደመወዝ አይጠይቅም» ያልከው ላይ ግን ቆምኩ።

አይተኛም? ፓምፑ የተሰረቀ ሌሊት መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ጠፍቶ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። የማዕዘኑ ቤት ካሜራ ነበረው። ቀረጻውን ስንከፍተው መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ይቋረጣል፤ ቀጥሎ የሚታየው ባለቤቲቱ በጠዋት ደጃፏን ስትጠርግ ነው። መላው ሌሊት ለካሜራው አልነበረም። ዘበኛው ግን ነበር፤ ፉጨቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

መብራት ባለበት ሌሊትስ? የመጀመሪያው ስፖኪዮ ሲነቀል ያው ካሜራ በርቶ ነበር። ያገኘነው የአንድ ኮፍያ አናት ነው። ኮፍያው መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ሄደ። ከኮፍያው በታች ያለው ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። አባቶቻችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉት ይህንን ነው።

የጠቀስከው ጥናት ደግሞ ሰው ተቀምጦ የሚከታተላቸው ካሜራዎች ዝም ብለው ከሚቀርጹት የተሻለ ውጤት እንዳላቸው ይናገራል። ያንን ለምን ዘለልከው? ሌሊት ተቀምጦ የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አንተ ልትቀንሰው የተነሳኸው ደግሞ ያንን ሰው ነው።

ደመወዝ ስለሚጠይቀው ሰው ልንገርህ። በዚህ መንደር 11 ዓመት አድሯል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሻንጣህን እስከ አስፋልት የተሸከመልህ እርሱ ነው። ባለቤቴ ሌሊት የታመመች ጊዜ በዝናብ ሄዶ ታክሲ ያመጣልን እርሱ ነው። ካሜራ ታክሲ አይጠራም።

ባለሙያው

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው፤ ሻንጣዬን ግን እዚህ ማንሳት አልነበረብዎትም። የተሸከመልኝን ሰው አልረሳሁም።

የመብራቱ ነገር በሒሳብ ይመለሳል። አንድ መቅረጫ ከአራት ካሜራ ጋር ከ35 እስከ 40 ዋት ይወስዳል። መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ በሚያቆየው በተራ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ብክነቱ ሲቀነስ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያቆይ ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ከሚለውጥ ኢንቨርተር ጋር ከተደረገለት ግን ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። የማዕዘኑ ቤት ምንም ባትሪ አልነበረውም። ኮፍያውም የመጣው ካሜራው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከመሬት 4 ሜትር ላይ ስለተሰቀለ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ የሚታየው አናት ብቻ ነው። በዚያ ላይ የቆርቆሮ አጥሩን ፊት ለፊት ስለሚያይ የራሱ የሌሊት ብርሃን ከቆርቆሮው ተመልሶ ያሳውረዋል። የሸረሪት ድር ሲያደራበት ደግሞ ምስሉ ጭጋግ ይሆናል፤ ጥቂት ቀን ቆጥሮ የሚጠርገው ሰው ይፈልጋል። የገጠምኩት እኔ አይደለሁም፤ እኔ ብሆን ኖሮ አፍርበት ነበር።

አሁን እርስዎ ይመልሱልኝ። ፉጨቱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ያሉበት ሌሊት ፓምፑ የተሰረቀበት ሌሊት ነው። ሦስቱም ስርቆት የተፈጸመው ሁለት ዘበኛ ባለበት መንደር ነው። ፉጨት ለሌባ ምን ይነግረዋል? ዘበኛው በየት በኩል እንዳለ ይነግረዋል። ጅብ ከሄደ የጮኸው ውሻ የትኛው ነው?

ሰብሳቢው

ሰውን ከውሻ ጋር እንዳታነጻጽር እለምንሃለሁ። ምሳሌውን ለማሽን ተናገርኩ፤ አንተ ለሰው አዞርከው። 40 ዓመት አስተማርኩ፤ ቃሌን በዚህ መልክ የመለሰልኝ ተማሪ አላስታውስም።

ማሽንህ የሠራውን ግፍ ልንገርህና አንተ ፍረድ። ሁለተኛው ስፖኪዮ የተነቀለበት ቀረጻ ላይ የተጻፈው ሰዓት 07፡10 ነበር። ሌሊቱ 7 ሰዓት ከ10 ብለን አነበብነው። የመጀመሪያው ዘበኛ ተራው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ተራ ተሰረቀ ተባለ። እኔ ባለሁበት አልሆነም እያለ በልጆቹ ስም ማለ። የሰማው የለም፤ ካሜራው ተናግሯልና። ከደመወዙ የስፖኪዮው ዋጋ ተቆረጠ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የልጅ ልጄ የመቅረጫውን ሰዓት ከስልኩ ጋር ቢያስተያየው አምስት ሰዓት ይቀድማል። ከፋብሪካ ሲወጣ የተሞላለት የቻይና ሰዓት ነበር። ስርቆቱ የተፈጸመው ሌሊቱ 8 ሰዓት ከ10 ላይ፣ እርሱ ተራውን አስረክቦ ወደ ቤቱ ሲገሰግስ ነው።

ሌላም አለ። እንጀራ ለየቤቱ የምታደርሰው ልጅ ሸክሟን አውርዳ ከአንድ በር ሥር አረፍ ስላለች ምስሏ በመንደሩ ቴሌግራም ላይ «ይህችን ታውቋታላችሁ?» ተብሎ ተለጠፈ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በአንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ አደባባይ ማውጣትን ይከለክላል። የ2016ቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። 23 ቤት ካሜራ ሲኖረው ስንት ልጅ ትለጠፋለች?

ባለሙያው

«ተቆረጠ» ብለዋል። ማን ቆረጠው?

ካሜራ ደመወዝ አይቆርጥም። መቅረጫው የገጠመው ሰው የተወለትን ሰዓት ጻፈ። የገጠመው ሰው አጥፍቷል፤ መጀመሪያ መስተካከል ያለበት የሰዓት ቀጠናው ነው፤ የእኛ ከግሪንዊች በሦስት ይቀድማል፣ የቻይና በስምንት። መቅረጫ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለሆነ 07፡10 ማለት ለእኛ ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ነው። ምስሉ ላይ ግን ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጨለማ ይሆናል? በስብሰባው የተቀመጠ አንድ ሰው ይህን መጠየቅ ነበረበት። ሁለት ቤት ተሻግሮ እኔ አለሁ፤ አንድ ሰው አላንኳኳም። ወረቀቱን የፈረመው ኮሚቴው ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ደግሞ እርስዎ ነዎት።

ሕግ ጠቅሰውልኛል፤ እኔም ልጥቀስ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ከሠራተኛ ደመወዝ ያለ ሕግ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት፣ ያለ ሥራ ደንብ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ያለ ራሱ የጽሑፍ ስምምነት መቁረጥን አይፈቅድም፤ ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይላል። ኮሚቴው ስንት ቆረጠ? ታክሲ ያመጣልዎትን ሰው ነው የቀጣችሁት።

ሰብሳቢው

አዎን፣ ፈረምኩ። ይህን ለመናገር የአንተ ግፊት አላስፈለገኝም፤ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እርሱ ነው። የሰው ቃል ከአንድ ወገን፣ የማሽን ቁጥር ከሌላው ወገን ሲቀርብ ሁላችንም ወደ ማሽኑ አዘነበልን። እኔ በዕድሜዬ፣ በትምህርቴ፣ ይህን ሰው 11 ዓመት እያወቅሁት አዘነበልኩ። ካሜራን የምፈራው ለዚህ ነው። ሌባን ሳያስፈራ እኛን ፈራጅ ያደርገናል።

ደግሞም ነገሩን አርመናል። ግማሹን ገንዘብ መልሰንለታል።

ባለሙያው

ግማሹን?

ጋሼ፣ ሰውየው ንጹሕ ነው ወይስ ግማሽ ንጹሕ? በተራው ካልተሰረቀ የተወሰደበት ሁሉ የእርሱ ነው። ግማሹ የት ነው ያለው? በጥበቃ ሣጥኑ ውስጥ ከሆነ እኔም በየወሩ የማዋጣበት ሣጥን ነውና የሌላ ሰው የልጆች እራት ከእኔ መዋጮ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ይህን አልፈልግም።

እኔ የምለው በየበሩ ካሜራ ይተከል ነው። ሰዓቱ የተስተካከለ፣ ባትሪ ያለው፣ በሰው ቁመት ልክ የሚያይ ካሜራ ቢኖር ኖሮ ያ ዘበኛ ባልተቀጣ ነበር፤ ምስክሩ በሆነለት ነበር። ተራውን ሲያስረክብ፣ በሩን ዘግቶ ሲሄድ ይታይ ነበር። ከሌባው ይልቅ ካሜራ የሚያስፈልገው ቃሉን የሚያምንለት ላጣ ሰው ነው።

ሰብሳቢው

«ዘበኛው ይቀነስ» የሚለውስ የት ደረሰ? ስትጀምር ከደመወዙ የሚተርፈው ዕቃውን ይከፍላል ብለህ ነበር። አሁን ዘበኛው ካሜራ ያስፈልገዋል ትላለህ። ስትቀንሰው ነው ምስክር የምትሆንለት?

ባለሙያው

ያንን የጻፍኩት የሆነበትን ሳልሰማ ነው። በእርሱ ላይ ተመሥርቼ ማንም እንዲቀነስ አልፈልግም። ዕቃውን ከመዋጮ እንግዛ፤ ካልተቻለ በአምስት በር እንጀምር፣ መኪና ደጅ በሚያድርባቸው። ግማሹ ገንዘብ ግን አልተመለሰልኝም። ማለት የፈለግሁት፣ አልተመለሰለትም።

ሰብሳቢው

እሑድ ጠዋት በዕድሩ አዳራሽ ስብሰባ ጠርቻለሁ። የመጀመሪያው አጀንዳ ቀሪው ገንዘብ ነው፤ ሣጥኑ ካልበቃ ከጡረታዬ እሞላዋለሁ። ዘበኛውም ይመጣል፤ በስብሰባችን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲናገር ያኔ የመጀመሪያው ይሆናል፤ በ11 ዓመት።

ሁለተኛው አጀንዳ ያንተ አምስት በር ነው። እኔ አሁንም እቃወማለሁ፤ ብሸነፍ ግን ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ከቀረጻ ተነሥቶ ማንም ሰው ከመጠየቁ በፊት የመቅረጫው ሰዓት በሁለት ሰው ፊት ከስልክ ጋር ይመሳከር። ሁለተኛ፣ ምስል ወደ ፖሊስ እንጂ ወደ ቴሌግራም አይሂድ። ስለ እንጀራዋ ልጅ ጠይቄህ አንድ ቃል አልመለስክልኝም፤ ያንን አስተውያለሁ። ሦስተኛ፣ የማዕዘኑ ቤት ካሜራ የጎረቤቲቱን ልብስ ማስጫ ያያል፤ ሴትየዋ ከነሐሴ ጀምሮ ልብሷን ቤት ውስጥ ነው የምታሰጣው። መሰላል አንተ ዘንድ አለ።

ባለሙያው

ካሜራውን ቅዳሜ አዞረዋለሁ፤ ስብሰባውን አልጠብቅም። ስለ ልጅቷ ያልመለስኩት የምመልሰው ስላልነበረኝ ነው፤ የለጠፈው ታናሽ ወንድሜ ነው።