ቃጫን የሚያውቅ ሰው «ተክል ደካማ ነው» አይልም

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ ውስጥ ስለ ፌስታል ክልከላው በተደረገ ውይይት ላይ ነበርኩ። አንድ ተሳታፊ ከተክል ስለሚሠራ ፕላስቲክ ጠየቀ። መድረኩን የያዙት ኃላፊ መልሳቸው አጭር ነበር። እንዲህ ያለው ፌስታል ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንኳ አይችልም፣ ለእኛ አገር ቅንጦት ነው ብለው አለፉት። አዳራሹ ሳቀ።

እኔ አልሳቅኩም። ተናድጄ ነው የወጣሁት።

ከስታርች፣ ማለትም እንደ በቆሎና ድንች ካሉ ተክሎች ከሚወጣው ዱቄት፣ ብቻ የተሠራ ፕላስቲክ ደካማ መሆኑን ማን ካደ? ውሃ ሲነካው ይልፈሰፈሳል። ግን ነገሩ እዚያ ላይ የቆመ አስመስሎ ለሕዝብ መናገር ሰው ማሳሳት ነው። ተመራማሪዎች ስታርቹ ውስጥ ናኖፋይበር የሚባል፣ ከተክል የወጣ እጅግ ቀጭን ክር መጨመር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ሲገባበት ጥንካሬው ይጨምራል፣ ውሃም እንደ በፊቱ አይደፍረውም።

ይህን ለመረዳት ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ቤት ያስመረገ ሰው ያውቀዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የጤፍ ጭድ ይገባበታል፣ ይረገጣል፣ ይቦካል፣ ከዚያ ይመረጋል። ስንጥቁ ልሂድ ሲል ጭዱ ጨምድዶ ይይዘዋል። አያቶቻችን ይህን ያወቁት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። ናኖፋይበርም ለፕላስቲክ ጭዱ ነው። ልዩነቱ ቅጥነቱ ላይ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል፤ ይህኛው ከ100 በታች ነው። ጉልበቱም የሚመጣው ከዚሁ ቅጥነት ነው። በቀጠነ ቁጥር በብዙ ቦታ ይይዛል። ሲመዘን የብረት አንድ አምስተኛ ያህል ነው። የጃፓን የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 በቶኪዮ የመኪና ትርኢት ላይ አካሉ በዚህ ፋይበር የተጠናከረ መኪና አቅርቧል። የመኪና አካል የሆነ ነገር ሽንኩርት አቃተው?

ደግሞ ይህ የተባለው የት ነው? ጅማ ላይ! እንሰት ተፍቆ ቆጮው ሲወጣ የሚቀረውን ቃጫ የማያውቅ ማን አለ? በሬ የምናስርበት፣ ጭነት የምንጠፍርበት ቃጫ እኮ ነው። ከግማሽ በላዩ ሴሉሎስ፣ ማለትም የተክልን አካል የሚያጠነክረው ነገር ነው፤ ናኖፋይበር የሚወጣውም ከሴሉሎስ ነው። ቡናችንስ? ጀንፈል ሲቀሸር ከአንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ጋር አንድ ኪሎ ገደማ ገለባ ይወጣል። እሱም ሴሉሎስ አለው። እኛ ግን እንከምረዋለን፣ ወይም እናቃጥለዋለን። ጥሬ ዕቃው ደጃችን ላይ ተቆልሎ ቅንጦት ነው መባሉ ነው ያንገበገበኝ።

ውድ ነው የሚሉ አሉ። እሺ፣ ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሴሉሎሱን እስከዚያ ድረስ ማቅጠን ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ውሃ ወዳድ ስለሆነም ከአንዳንድ ፕላስቲክ ጋር አልዋሃድ ይላል። ከበቆሎ ወይም ከሸንኮራ ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ሌላ የተክል ፕላስቲክ ደግሞ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ቢጣል ቶሎ አይበሰብስም፤ ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ የኮምፖስት ሙቀት ይፈልጋል። ኃላፊው ከእነዚህ አንዱን ቢያነሱ ኖሮ አከብራቸው ነበር። እሳቸው ግን የመረጡት ሽንኩርቱን ነው።

በ2017 ዓ.ም. ክልከላው ሲጸድቅ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። አሁንም እደግፈዋለሁ። ግን የሐሙስ ገበያ ላይ ቲማቲም የምትሸጠዋን እናት ፌስታሏን ከነጠቅናት በኋላ ምን እንስጣት? ዘንቢል ያዙ ማለት ለገዢው ይሠራል። እርጥብ ነገር መዝና ለምትሰጠው ለእሷ አይሠራም። ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን አለ። ቃጫው አለ፣ ገለባው አለ። የጎደለው ይሞከር የሚል ሰው ነው። አንድ መፍጫ ማሽን፣ ሁለት ሦስት ወጣት ተመራማሪ፣ የአንድ ዓመት በጀት። ለመጀመር ከዚህ የበለጠ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ለስብሰባ አበልና ለባነር ከምናወጣው ይበልጣል ብዬም አላምንም።

በሚቀጥለው ውይይት ላይ እገኛለሁ። አንድ ጥቅል ቃጫ ይዤ ነው የምመጣው። ኃላፊው መድረኩ ላይ በእጃቸው በጥሰው ያሳዩን።