ሥራ የሌለው ደባል ይፈለጋል

ማታ ቤቴ ስገባ የሚቀበለኝ ፍሪጁ ነው። በሩን ስከፍት "እእእእ..." ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ሰላምታ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ባለሙያ አየውና ሞተሩ ሊሞት እንደሆነ ነገረኝ። ያን ዕለት ነው ቤቴ ውስጥ አንድ ነፍስ ያለው ነገር ለማስገባት የወሰንኩት። ወሰንኩ ስል፣ ማሰብ ጀመርኩ ማለቴ ነው። ይኸው ሦስት ዓመት ሞላኝ። እያሰብኩ ነው።

መጀመሪያ በቃሉ እንግባባ። በእኛ ቋንቋ "የቤት እንስሳ" ሲባል ላሟም፣ በጉም፣ አህያውም፣ ዶሮዋም አንድ መዝገብ ላይ ናቸው። ሁሉም ሠራተኞች ናቸው። አንዷ ትታለባለች፣ አንዱ ይጫናል፣ አንዷ እንቁላል ትጥላለች። በጉም ቢሆን፣ ጡረታው አያምርም እንጂ፣ ሥራ አለው። እኔ የምፈልገው የማይታለብ፣ የማይጫን፣ የማይታረድ ነው። ቦዘኔ እንስሳ። ከእኔ ቤት ቢያንስ አንዳችን ሥራ ፈት እንዲሆን ነበር ምኞቴ። እኔማ ሙሉ ቀን እሠራለሁ። ችግሩም እሱ ነው።

አንድ እሑድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ቀን 24 ሰዓት ነው። ሥራ 8። ምሳ 1፣ እሱንም ኮምፒውተር ላይ እንደተደፋሁ። መሄጃና መመለሻ 2። ድምር 11። እንቅልፍ 7። የቀረው 6 ሰዓት። ደስ አለኝ። 6 ሰዓት ለአንድ ድመት ምን አነሳት! ከዚያ ማብሰሉን፣ ማጠቡን፣ መታጠቡን፣ ቁልፍ ፍለጋውን ቀነስኩ። ስልክ ላይ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስልኬ በየሳምንቱ ሳልጠይቀው ሪፖርት ያቀርብልኛል። በቀን 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። ቀንሼ ቀንሼ የተረፈኝ 35 ደቂቃ ሆነ። እሷን ለእንስሳው ብሰጥ ለራሴ ባዶ ነው። ለእንስሳ ጊዜ ላፈላልግ ተቀምጬ ራሴ ጊዜ ያልተመደበልኝ ሰው መሆኔን ደረስኩበት። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ልብ ግን መቼ ያርፋል? ከውሻ ጀመርኩ።

መሥሪያ ቤት ውሻ የሚያሳድግ ባልደረባ አለኝ። "ቡችላ ያዝ፣ በእጅህ ያደገ ነው የሚሻልህ" አለኝ። ቡችላ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። ሽንቱን የሚይዘው በግምት በዕድሜው ልክ ነው። የሁለት ወሩ ሁለት ሰዓት፣ የሦስት ወሩ ሦስት ሰዓት ቢታገሥ ነው። የእኛ የሰኞ ስብሰባ ብቻውን ሦስት ሰዓት ይፈጃል። (በዚያ ስብሰባ ላይ የሁለት ወር ቡችላ የሚያክል ትዕግሥት ያለን ትልልቅ ሰዎችም አለን። እሱን ተዉት።)

"ታዲያ እስኪለምድ ድረስ ፈቃድ ውሰዳ!" አለኝ። የፈቃድ መጠየቂያው ቅጽ ላይ "ምክንያት" የሚል መስመር አለ። እዚያ ላይ "ቡችላዬ ሽንት ስለማይቋጥር" ብዬ ስጽፍ ታየኝ። አለቃችን ሰው ለሽንት ሲወጣ ሰዓታቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው።

ያደገ ውሻስ? ያደገም ቢሆን ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በላይ ብቻውን ባይውል ነው የሚመከረው። የእኔ 11 ነው። ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት ሆኖታል። ያን ሁሉ ዘመን አብሮ አድኗል፣ አብሮ ከብት ጠብቋል፣ አብሮ እሳት ሞቋል። "እኔ ጠዋት ወጥቼ ማታ እመለሳለሁ፣ አንተ እዚህ ግድግዳ እያየህ ዋል" የሚለው ውል የመጣው ትናንት ነው። ውሻው አልፈረመበትም። ለዚህ ነው ብቻውን ሲቀር በር የሚቧጭረው፣ ጫማ የሚያኝከው፣ ጎረቤት እስኪማረር የሚያላዝነው። ባለጌ ሆኖ አይደለም፣ ጨንቆት ነው። እኔም እኮ ብቻዬን ስውል ጥፍሬን እበላለሁ። ጫማ ላይ አልደረስኩም እንጂ።

ውሻ ሲነሳ ሰው ሁሉ ሃቺኮን ያነሳብኛል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ቶኪዮ ውስጥ ሂደሳቡሮ ኡኤኖ የሚባሉ ፕሮፌሰር ነበሩ። ከሥራ ሲመለሱ ውሻቸው ሃቺኮ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ ሄዶ ይቀበላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ፕሮፌሰሩ እዚያው ሥራ ቦታ ላይ ሞቱ። ውሻው ግን እስከ ሞተበት እስከ 1935 ድረስ ወደ ጣቢያው እየሄደ ጠበቃቸው። ሐውልቱ የቆመለት በ1934 ነው፣ ገና በሕይወት እያለ። ሰው ይህን ሲሰማ ስለ ታማኝነት ያለቅሳል። እኔም አለቅሳለሁ፣ ግን በሌላ ምክንያት። ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ውሻ ሥራ የለውም ያለው ማነው? ሥራው መጠበቅ ነው። እሑድ የለው፣ ጡረታ የለው። ጌታው ሞተው እንኳ አልተሰናበተም።

እናም ወደ ድመት ዞርኩ።

"ድመት ያዝ! ድመት ራሷን ችላ ትኖራለች" ያላለኝ የለም። ይህን አባባል ከቢሮ አውቀዋለሁ። "እሱ ራሱን ችሎ ይሠራል" የተባለ ሰው ማንም የማያግዘው ሰው ነው። ድመትም እንደዚሁ ስሟ ወጥቶባት ነው እንጂ አሸዋዋ በየቀኑ ይጠረግላት፣ ውሃዋ ይቀየርላት፣ ክትባቷ አይለፋት፣ በተለይ ደግሞ ጨዋታ ትፈልጋለች።

አልዋሽም፣ ድመት የሚስብ ጎን አላት። በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ትተኛለች። እኔ ቢሮ ስንገላታ ብውል እሷ አንሶላዬን ስታሞቅልኝ ትውላለች ማለት ነው። ግን የምትነቃው መቼ ነው? ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ። እኔ ሬሳ ሆኜ በምተኛበትና ሬሳ ሆኜ በምገባበት ሰዓት። ዕድሜዋም ሌላ ጣጣ ነው። በደንብ የተያዘች ድመት 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። የእኔ የሥራ ውል የሚታደሰው በየዓመቱ ነው። 15 ዓመት አብሮኝ የቆየ ነገር ቢኖር የጉልበቴ ሕመም ነው።

"እንዳይከፋት ሁለት ያዝ፣ እርስ በርስ ይጫወታሉ" ያለኝም አለ። እነሱ ከተጫወቱ የእኔ ድርሻ ምንድነው? ቀለብ አቅራቢ። እሱንማ ለቤተ ዘመድም እሠራዋለሁ።

ሌሎቹንም አይቻለሁ። ሃምስተር የሚሉት አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነው፣ እኔ ልተኛ ስል መንኮራኩሩ ላይ ወጥቶ ይሮጣል። ጎልድፊሽ የሚሉት ትንሽ ዓሣ በደንብ ከተያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ይኖራል። ሰው ግን ጎድጓዳ ሳህን በምታክል ብርጭቆ ያስቀምጠውና ከራሱ ቆሻሻ በሚወጣው አሞኒያ ይመረዛል። እኔም መስኮት በማይከፈትበት ቢሮ ስለምሠራ ይህኛው ልቤን ነካኝ። ኤሊማ ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ጆናታን የሚባል አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1832 አካባቢ እንደተፈለፈለ ይገመታል። ኤሊ አትይዘውም፣ ታወርሰዋለህ። በቀቀን ደግሞ ግራጫው ዓይነት 40 ዓመት ቢኖር አይገርምም፣ የሰማውንም ይደግማል። ከእኔ ቤት ምን ይማራል? አልጋዬ ውስጥ ሆኜ ስልክ ላይ የምላትን ነው። "መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ!"

እንዲህ የተጨነቅኩት የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1996 ታማጎቺን አመጡ። እንቁላል የምታክል ማሽን ናት፣ ስክሪኗ ላይ አንድ ፍጡር አለ። ካላበላኸው፣ ካላጸዳህለት ይሞታል። ልጆች ትምህርት ቤት ውለው ሲመለሱ ሞቶ እንዳይቆያቸው በኪሳቸው ይዘውት ይገቡ ጀመር። ክፍል ውስጥ ሲጮህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ነገሩ ገብቷችኋል? በባትሪ የሚሠራው እንኳ የሙሉ ቀን መቅረትን አልቻለውም።

መፍትሔውን ያገኘው ጋሪ ዳል የሚባል አሜሪካዊ የማስታወቂያ ሰው ነው። ጓደኞቹ ስለ እንስሶቻቸው ሲያማርሩ ሰማና እ.ኤ.አ. በ1975 ድንጋይ መሸጥ ጀመረ። ድንጋይ! የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ ባለው ካርቶን፣ ለስላሳ መኝታ ተነጥፎለት፣ ከነአያያዝ መመሪያው። "ተቀመጥ" ሲሉት ይቀመጣል። ከሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ስቄበት ነበር። አንድ ማታ ግን ፍሪጁ እያጓራ ሳለ መሬት ላይ ያለችውን የበር መደገፊያ ድንጋዬን ለረጅም ጊዜ ሳያት ራሴን ያዝኩት።

በዚህ መሀል ነው ጎረቤቴ እማማ በሬን ያንኳኩት።

"የኔ ልጅ፣ ልጄ ጋ ለአንድ ሳምንት ልሄድ ነው። እመቤትን ትይዝልኛለህ?"

እመቤት ድመታቸው ናት። "እማማ፣ እኔ እኮ ሥራ..." ብዬ ሳልጨርስ የአሸዋ ሳጥኗ፣ የምግብ ከረጢቷና ቃጭል ያላት ትንሽ ኳስ በሬ ላይ ተደርድረዋል። "ሊሊ የሚባለው አበባ ቤትህ የለም አይደል? የድመት ኩላሊት ይገድላል" አሉኝ። "እማማ፣ እኔ ቤት የሚያብብ ነገር የለም" አልኳቸው። አንዲት ተክል ነበረችኝ። የሞተችበትን ቀን እንኳ አላውቀውም።

እመቤት ሁለት ቀን አልጋ ሥር ዋለች፣ አደረች። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከአለቃዬ በቀር እንደዚያ አድርጎ የገመገመኝ የለም። በሦስተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ለስላሳ ነገር ግንባሬን መታ። ዓይኔን ገለጥኩ። ደረቴ ላይ ተቀምጣለች። "ሚያው" አለች። ያደጉ ድመቶች እርስ በርሳቸው ብዙም "ሚያው" አይባባሉም፣ በአብዛኛው ለሰው ብቻ ያስቀመጡት ቋንቋ ነው። ማለትም ለትእዛዝ። ተነሣሁ። በእንቅልፍ ልብ ኳስ ወረወርኩ። በ12 ሰዓት ሻወር ወስጄ፣ በልቼ፣ ሸሚዝ ተኩሼ ጨርሻለሁ። በስንት ዓመቴ።

ቢሮ ላይ ሌላ ጉድ መጣ። ልክ መውጫ ሰዓት ሲደርስ ቦርሳዬን አነሳለሁ። እኔ! ባልደረቦቼ ተያዩ። "ምነው፣ ምን ተገኘ?" አሉኝ። ሳላስበው "እመቤት ትጠብቀኛለች" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ እልልታ ቀራቸው።

ልነግራቸው ነበር፣ ወላሂ። ግን ወሬው ከእኔ ቀድሞ አለቃችን ጋ ደረሰ። ሐሙስ ስብሰባው ሲረዝም፣ ለሽንት ሰዓት የሚያዩት አለቃዬ፣ በገዛ አፋቸው "አንተ ሂድ፣ ሂድ" አሉኝ። "እመቤትን አታስጠብቃት።" ለሦስት ዓመት ስንገላታበት የነበረው የፈቃድ ጥያቄ ለካ የስም ጉዳይ ነበር። "ቡችላ" ብዬ ብሞላ ኖሮ ቅጹን ይቀድዱብኝ ነበር።

እየሮጥኩ ቤቴ ደረስኩ። በሩን ከፈትኩ። እመቤት ሶፋው ላይ ተኝታለች። አንድ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች። ራሷን ግን ቀና አላደረገችም። ጫማዬን በቀስታ አወለቅኩና መሬት ላይ ተቀምጬ እስክትነቃ ጠበቅኋት። ስልኬ የት እንዳለ አላስታውስም። የዚያን ሳምንት ሪፖርቱ ዝቅ ብሎ ነው የመጣው።

እሑድ እማማ ተመለሱ። እመቤት ዞር ብላም አላየችኝ። ውለታ የሚባል ነገር አይነካካትም። ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ ዓይኔ ብልጭ አለ። ግንባሬን ማንም አልመታኝም። ጣሪያውን ሳይ ነጋ።

ቢሮ እንደገባሁ አለቃዬ ፊቴን አዩት። "እመቤት እንዴት ናት?"

"ወደ እናቷ ተመለሰች" አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "አይዞህ። አንተም እኮ ሥራ ታበዛለህ፣ ማን ይችልሃል" አሉና ሦስት ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

ትናንት ማታ እማማ እንደገና አንኳኩ። በሚቀጥለው ወር አሁንም ልጃቸው ጋ ይሄዳሉ። "ሥራ ከበዛብህ አልጫንህም፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አሉኝ። ደግሞም የእመቤት ኳስ ጠፍታለች፣ እኔ ጋ አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

"ስለ ወሩ ላስብበት፣ እማማ" አልኳቸው። "ኳሷን ግን አላየሁም።"

ኳሷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። ቃጭሏ እንዳይሰማ በእጄ ጨብጬ ይዣታለሁ።