«ግራመር የኔ ሰብጀክት አይደለም» ለሚሉ መምህራን የቀረበ ምስጋና

የቋንቋ መምህር ያልሆናችሁ መምህራን ሆይ፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። የፊዚክሱ፣ የታሪኩ፣ የባዮሎጂው፣ የሒሳቡ፤ ሁላችሁም። ግሥ የሌለው ዓረፍተ ነገር፣ አራት ነጥብ ደርሶበት የማያውቅ አንቀጽ እያያችሁ «ግራመር የኔ ሰብጀክት አይደለም፤ ሐሳቡ ገብቶኛል» ብላችሁ ሙሉ ማርክ ትሰጣላችሁ። እንደ እናንተ ያለ ቸር ከየት ይመጣል?

ቸርነት ብቻም አይደለም፤ ጥበብ ነው። ተራ ሰው የተጻፈውን ያነባል። እናንተ ያልተጻፈውን ታነባላችሁ። ተማሪው ባዮሎጂ ፈተና ላይ «ነጭ የደም ሴሉ ባክቴሪያው ዋጠው» ብሎ ጻፈ እንበል። ማን ማንን ዋጠ? «ን» የምትባል አንዲት ፊደል ስለቀረች በሽተኛው ይዳን ይሙት አልታወቀም። መምህሩ ግን አይደነግጥም። ዋጪ አለ፣ ተዋጪ አለ፣ መዋጥም አለ። ራይት!

ታሪክ ላይ ደግሞ «ጦርነቱ ስለተነሣ ኢኮኖሚው ስለደቀቀ» የሚል መልስ ይመጣል። በቃ፣ እዚህ ላይ አለቀ። ሁለት ምክንያት ተሰልፏል፤ ውጤቱ ግን ገና አልደረሰም። መምህሩ ግን «መንስኤዎቹን በሚገባ ዘርዝሯል» ይላል። ሒሳብ ላይ ስለ ብቸኛ (ፕራይም) ቁጥሮች ሲጠየቅ «ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ጎዶሎ አይደሉም» ተባለ። ጎዶሎ ያልሆነም አለበት ማለቱ ከሆነ ልክ ነው፤ 2 አለች። አንድም ጎዶሎ የለም ማለቱ ከሆነ ግን 3፣ 5 እና 7 ምን በደሉ? መምህሩ ትክክለኛውን ትርጉም ራሱ መርጦ፣ ለራሱ ምርጫ ማርክ ይሰጣል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ግን የኬሚስትሪውን ነው። ሰልፈሪክ አሲድ በውሃ ሲበረዝ ሕጉ አንድ ነው፦ አሲዱ ቀስ እያለ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ሁለቱ ሲገናኙ ከባድ ሙቀት ይወጣል። ውሃው ከአሲዱ ስለሚቀል ላይ ላዩን ይቀራል፤ እዚያው ፈልቶ አሲዱን ይዞ ፊት ላይ ይረጫል። እንግዲህ ዓይን የሚድነውና የሚጠፋው «ወደ» የምትለው ነገር በየትኛው ስም ፊት እንደቆመች ታይቶ ነው። ተማሪያችን ምን ብሎ ጻፈ? «አሲዱ ውሃው ይጨመራል በጥንቃቄ»። «ወደ» የለችም። «በጥንቃቄ» ግን አለች! መምህሩም ለጥንቃቄው ግማሽ ማርክ ጨመረለት። ልጁ አድጎ ላብራቶሪ ሲቀጠር፣ ለረዳቱ ይህንኑ መመሪያ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ረዳቱ ደግሞ እንደ መምህሩ ያልተጻፈ ማንበብ ይችል እንደሆነ ያኔ እናያለን።

ይህን ነፃነት የሚቃወሙ ነገረኞች በየአገሩ አይጠፉም። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የቡሎክ ኮሚቴ የሚባለው ባወጣው ሪፖርት፣ ቋንቋ የሁሉም ትምህርት ጉዳይ ይሁን ብሎ መከረ። የታሪኩም የሳይንሱም መምህር ይመለከተዋል አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ደግሞ እዚያው አገር በታሪክና በጂኦግራፊ የጂሲኤስኢ (የሁለተኛ ደረጃ ብሔራዊ) ፈተና ከጠቅላላው ማርክ 5 በመቶውን ለስፔሊንግ፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለሰዋስው መደቡ። የጂኦግራፊ መምህር ኮማ ሲያርም ይታያችሁ! ወንዝና ተራራው ምን ሊሆን ነው?

አሜሪካኖቹም ነገር ያካብዳሉ። ሜይን በምትባለው ግዛት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያ የማይገባቸውን ሥራዎች በሚዘረዝር ሕግ ውስጥ ከመጨረሻው «ወይም» በፊት ኮማ አልነበረም። የወተት ድርጅት ሾፌሮች በዚያች ባልነበረች ኮማ ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሕጉ አሻሚ ነው ብሎ ወደ እነሱ አዘነበለ። በዓመቱ ጉዳዩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ዳኞቹ «ሐሳቡ ገብቶናል» ብለው ቢያልፉት ምን ነበረበት?

ወደ መምህራን ማረፊያ ክፍል እንመለስ። ጥግ ላይ የተቀመጠች የቋንቋ መምህርት አለች። ተማሪዎቹን በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ እንደሚዘጋ ታስተምራቸዋለች። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ይገባና ነፃ ያወጣቸዋል። ልጆቹም አይሞኙም፤ ሰዋስው እሷ ፊት ብቻ የሚለበስ ዩኒፎርም መሆኑ ቶሎ ይገባቸዋል። ዓመቱ ሲያልቅ ታዲያ «የዘንድሮ ልጆች እኮ መጻፍ አይችሉም፤ ቋንቋ ክፍል ምን እየሠራ ነው?» ብሎ በቁጣ የሚጠይቀው ማን ይመስላችኋል? ፊዚክስ ነው።

(በሁለተኛ ቋንቋ የሚማረውን ልጅ በየቃሉ ማርክ እየቀነሰ የሚያስለቅስም አለ። እሱን ከጀግኖቻችን ጋር አላነጻጽረውም፤ ግን ከአንድ ሰፈር ናቸው። ዝም ብሎ መቀነስም ዝም ብሎ መስጠትም ልጁን ከማነጋገር ይቀላል።)

አልፎ አልፎ ግን አስቸጋሪ ሰው ያጋጥማል። ማርክ አይቀንስም፣ የሰዋስው ትምህርት አይሰጥም፣ ቀይ ቀለም አያበዛም። ኅዳጉ ላይ «ማን ማንን?» ብሎ ይጽፍና ወረቀቱን ይመልሳል። «አስተካክለህ አምጣና ማርክህን ውሰድ።» ተማሪው እያጉረመረመ ቁጭ ብሎ ሲያስተካክል፣ ለካ ማን ማንን እንደዋጠ እሱም አያውቅም ነበር! ምስኪን ልጅ፤ ሳያውቅ በሰላም ማለፍ ሲችል ባዮሎጂ አስጠኑት። እንዲህ ያለው መምህር በባልደረቦቹ ዘንድ ቢጠላ አይፈረድበትም፣ ማለቴ አይፈረድባቸውም።

እናንተ ግን በያዛችሁት ቀጥሉ። በተለይ ፈተና ስታወጡ አድናቂያችሁ ነኝ። «ከሚከተሉት ውስጥ ትክክል ያልሆነ ያልሆነው የቱ አይደለም?» ትላላችሁ። አዳራሹ በሙሉ እጁን ያወጣል። «ቲቸር፣ ጥያቄው አልገባንም!» የኛ መምህር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በመደዳው መሃል እየተንጎራደደ ይመልሳል፦ «በጥንቃቄ አንብቡ። እያንዳንዷ ቃል የተቀመጠችው በምክንያት ነው።»