ባቡር እኮ መሪ የለውም!

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረነው ኖረንም መኪና የሀዲዱን አጥር ጥሶ ገባ ሲባል መስማት አልቀረልንም! ሌሊት መንገዱ ጭር ሲል ከመገናኛ ወደ አያት የሚበረውን ሹፌር ምን ያስቸኩለዋል? ሀዲዱ ላይ ሲገተር ባቡሩ በየት ይለፍ? እንደ ሚኒባስ ጠምዝዞ አያመልጥ። የብረት ጎማ በብረት ላይ ነው የሚሄደው፤ ፍሬን ቢያዝም ባለበት ቀጥ አይልም። ውስጡ ደግሞ ተጨናንቆ የቆመ ስንት ሰው አለ! ሰው ግን የሚያወራው ስለተሰበረው አጥር ዋጋ ነው። በጣም ያናድደኛል። ጠጥቶ የሚነዳ፣ ስልክ እየነካካ መሪ የሚይዝ፣ መንጃ ፈቃዱን ይነጠቅ እንጂ! አጥር አስጠግኖ ነገ እዚያው መንገድ ላይ መብረር ምን የሚሉት ቅጣት ነው?