ፋይሉን ተሸክሞ የሚዞረው ማን ነው?

ኑሮዬ በሰው አገር፣ ሥራዬ የደንበኞችን ስልክ መመለስ ነው። ባለፈው ዓመት አለቆቻችን ግድግዳው ላይ ረጅም ወረቀት ለጥፈው «ዛሬ የደንበኛውን ጉዞ እንሥላለን» አሉን። ሰውዬው ከደወለበት ደቂቃ ጀምሮ ጉዳዩ እስኪያልቅ ያለውን እርምጃ ሁሉ በቢጫ ቁራጭ ወረቀት፣ ከሥሩ ደግሞ እኛ የምንሠራውን። ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ያማረ ሥዕልም ወጣው። ከሁላችን ቀድማ የተቀጠረችው ሴትዮ ግን ተነሣችና «ሰውዬው እኮ ከመደወሉ በፊት ደብዳቤያችንን ሦስቴ አንብቦ አልገባውም» ብላ፣ ከመጀመሪያዋ ወረቀት በስተግራ ባዶው ግድግዳ ላይ አንድ ቀይ ለጠፈች። ያን ያህል ሰው የሚያስደውለው ያ ደብዳቤ ነበር ለካ።

ዘዴው የቆየ ነው። ሊን ሾስታክ የምትባል የባንክ ባለሙያ በ1984 እ.ኤ.አ. ሀርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው በተባለው መጽሔት ላይ ስትጽፍበት ለምሳሌ የመረጠችው ሊስትሮን ነው። መቦረሽ፣ ቀለም መቀባት፣ መወልወል፣ ሒሳብ መቀበል፤ ሥራው 2 ደቂቃ፣ የደንበኛው ትዕግሥት 5 ደቂቃ። ስሕተት የሚያሰጋበትንም ቦታ ምልክት አድርጋበታለች፦ ያልሆነ ቀለም መቀባት። ቀለሙን መርጦ መግዛቱን ግን ከአንድ መስመር በታች አወረደችው፤ ደንበኛው አያየውምና። እኔን የያዘችኝ ያቺ መስመር ናት።

እዚህ በሰው አገር መስመሯ ወፍራም ናት። ደንበኛው ቤቱ ተቀምጦ ወረቀቱ ይዞራል። ሲዞር ደስ ይላል፤ ሲቆም ግን የት እንደቆመ የሚነግርህ የለም። «ጥያቄዎ በሂደት ላይ ነው» እላለሁ በቀን ሃያ ጊዜ። የት እንዳለ እኔም አላውቅም፤ ስክሪኔ ላይ ያለችውም ያቺው ዓረፍተ ነገር ናት።

አገር ቤት ገብቼ አንድ ማስረጃ ላወጣ ስሄድ መስመሯ ጭራሽ የለችም። ፋይሌን ታቅፌ ከመዝገብ ቤት ወደ ቢሮ ቁጥር 7፣ ከዚያ ወደ ኃላፊዋ፤ ኃላፊዋ ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ። ተላላኪው እኔው ነኝ። ቢሆንም የት እንደቆመ አውቃለሁ፤ መሳቢያውን በዓይኔ አይቼዋለሁ! (ይህን እንደ ጥቅም መቁጠሬ ራሴን አስቆኛል።) ግድግዳው ላይ ጉዳዩ 30 ደቂቃ እንደሚፈጅ ተጽፏል። አልዋሹም፤ ሁሉም የየድርሻቸውን የሠሩበት ጊዜ ቢደመር 30 ደቂቃ አይሞላም። ሦስት ቀን ያደረገው ከአንዱ በር እስከ ሌላው በር ያለው ነው፤ እሱን ሰሌዳው ላይ የጻፈው የለም። እኛም ቢጫዎቹን ወረቀቶች ስንለጥፍ በመካከላቸው ስላለው ባዶ ቦታ የጠየቀ አልነበረም።

በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ ግን ያውቁታል። የመጀመሪያው ቀን ወረቀቴን ገና ሲያዩ «ልጄ፣ ኮፒውን ሁለት አድርገህ ና። አንዱን መዝገብ ቤት ያስቀሩብህና 7 ቁጥር ይመልስሃል» አሉኝ። ከሳቸው ይልቅ ሰሌዳውን አመንኩ፤ 7 ቁጥርም መለሰኝ። አሠራሩን እናሻሽል ተብሎ ስብሰባ ቢጠራ እሳቸውን የሚጠራ መኖሩን እጠራጠራለሁ። የኛዋንም ሴትዮ ያስገቧት ወንበር ስለተረፈ ነው።

በሦስተኛው ቀን ማስረጃዬን ይዤ ስወጣ «አለቀ?» አሉኝ። አለቀ። ምርቃታቸውን ሳይጨርሱ አንዲት ሴት አንድ ነጠላ ኮፒ ይዛ በአጠገቤ አለፈች፤ ፊታቸውን ወደሷ አዞሩ። «ልጄ፣ ቆይ እስቲ…»