የዓባይን ልጅ ውኃ የሚጠማው በእሳት ቀን ነው

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ያላችሁ ወገኖቼ፣ ስሙኝ። ዛሬ የምቆጣው በእናንተ ነው፤ ራሴንም አልማርኩም።

ባለፈው በጋ በሰፈራችን አንድ ሱቅ ሲነድ ሁላችንም ባልዲ አንጠልጥለን ወጣን። ቧንቧው በፈረቃ ነው፤ ያን ቀን ተራችን አልነበረም። ማዕዘኑ ላይ ለዚሁ ክፉ ቀን የተቀመጠው በርሜል ትዝ ብሎን ሮጥን። ክዳኑን ስናነሣ የጫት ገረባ፣ ፌስታልና አንድ እግር የላስቲክ ጫማ አገኘን። ከሥሩ የቀረው ውኃ አንድ ስንዝር አይሞላም። ሱቁ ዓይናችን እያየ ዐመድ ሆነ። ከዚያ መንግሥትን ስናማ አመሸን፤ ገረባውን የጣለው ግን መንግሥት አልነበረም።

ጣና ሥር ተቀምጠን፣ ዓባይን ይዘን፣ ውኃ ያንሰናል ብለን አናስብም። የለንደን ሰዎችም ወንዝ ነበራቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ እሑድ ማታ፣ እዚህ አርበኞቻችን ከጣሊያን ጋር ሲተናነቁ፣ እዚያ የጀርመን አውሮፕላኖች የእሳት ቦምብ አዘነቡ። ከመሬት በታች የተዘረጋው ቧንቧ በቦምብ ተበጣጠሰ። ቴምዝ ከተማዋን ሰንጥቆ የሚያልፍ ወንዝ ነው፤ ባሕሩ ሲሸሽ ግን አብሮ ይጎድላል፤ ያን ሌሊት ደግሞ እጅግ ጎድሎ ነበር። እሳት አጥፊዎቹ ወንዙን እያዩ ውኃ አጡ።

በጦርነቱ ዓመታት በየመንገዱ የብረት ታንከር አቆሙ። በቦምብ የፈረሱ ሕንጻዎችን ምድር ቤት ለስነው ውኃ ሞሉበት፤ ውኃው ያለበትንም አቅጣጫ በየግድግዳው በቀለም ጻፉ። ለየሰፈሩ ባልዲ ውስጥ የሚቆም የእጅ ፓምፕ ታደለ፤ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ቱቦ ይይዛል፣ አንዱ ውኃ ያመላልሳል። ይህ የእኛው ወንፈል አይደለምን? ታንከሮቹ ውስጥ ሕፃናት እየገቡ ሰጥመዋልና ክዳንና አጥር የቅንጦት ነገር እንዳይመስላችሁ።

እኛስ ምን ቸገረን? መብራት ሲጠፋ የውኃ መግፊያው ሞተር ይቆማል፣ ቧንቧው ይደርቃል፤ ለዚህ ቦምብ አያስፈልገውም። ጎጃም ደግሞ ዝናብ አልተነፈገም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ሰው 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበለት ወደ 400 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ያገኛል። እኛ ግን አሸንዳ መግጠም ሰንፈን ክረምቱን ሙሉ ለቦይ እንገብራለን። መተላለፊያውንም በባሕር ዛፍ አጣናና በጆንያ ዘግተነዋል፤ እሳት አደጋ መኪና ቢመጣ በየት ይግባ?

አንድ ነገር ልጨምር፦ በሚነድ ዘይትና መብራት ባልተቋረጠበት ሽቦ ላይ ውኃ አትድፉ። አሸዋ አጠገባችሁ አኑሩ።

ቅዳሜ ጠዋት የማዕዘኑን በርሜል አጥባለሁ። ገረባውን የጣለው ሰው ቢመጣ አልቆጣውም፤ ሁለት መጥረጊያ አለኝ።