የቄስ ጆን ኒውተን ስድስት ዓመታት የት ገቡ?

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቀዋለን። ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ልጆች፣ ከዚያ ምስጋና። ሙት ወቃሽ መባልን ማን ይፈልጋል? ሟቹ የሃይማኖት አባት ሲሆን ደግሞ ዝምታው ይበረታል። እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ካረፈ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ታሪኩ ግን ዛሬም በየስብከቱ የሚነገረው እንደ ቀብር ላይ ንባብ ነው። ባሪያ ነጋዴ ነበር፤ ማዕበል መጣበት፤ ጸለየ፤ ንግዱን ተወ፤ ስለ ጸጋ የሚናገረውን ዝነኛ መዝሙር («አሜዚንግ ግሬስ») ጻፈ። ከአምስቱ አራተኛው ሐሰት ነው። አምስተኛው የሆነው ከማዕበሉ ሃያ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዳንዶች «የባሕር ኃይል ካፒቴን ነበር» ይላሉ፤ አልነበረም። በ1744 መጀመሪያ፣ ፈረንሳይ ጦር ልታዘምት ነው እየተባለ እንግሊዝ ስትሸበር፣ የባሕር ኃይሉ አፋሾች ያዙት። ዕድሜው 18 ነበር። በደርግ ጊዜ አፈሳን ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ልዩነቱ እነዚያ የሚፈልጉት ባሕር የሚያውቅ ሰው መሆኑ ነው። ኒውተን የለበሰው የመርከበኛ ሸሚዝ አሳበቀበት። ሃርዊች በተባለው የጦር መርከብ ላይ ተጫነ። አባቱ የንግድ መርከብ አዛዥ ስለነበር ደጅ ጠንቶ ሚድሺፕማን፣ ማለትም እጩ መኮንን፣ አስደረገው። ኒውተን ግን በ1745 ከዳ፤ ተይዞ በብረት ታሰረ፤ ባልደረቦቹ ፊት ልብሱን ተገፎ ተገረፈ፤ ማዕረጉንም አጣ። በዚያው ዓመት ማዴይራ ደሴት ላይ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ለሚሄድ የንግድ መርከብ በልዋጭ ተሰጠ። የባሕር ኃይል አገልግሎቱ ይኸው ነው፤ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም።

ከዚያ በሴራሊዮን ዳርቻ ባሪያ የሚነግድ የአንድ ነጭ ሰው ተቀጣሪ ሆኖ በወባና በረሃብ ተሰቃየ። በ1747 ግሬይሀውንድ የተባለች መርከብ አነሣችው። እዚህ ላይ ብዙ ሰባኪ ይስታል፤ ግሬይሀውንድ በዚያ ጉዞዋ ባሪያ አልጫነችም። የጫነችው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ የቀለም እንጨትና ሰም ነበር።

ማዕበሉ የመታት መጋቢት 10 ቀን 1748 ነው። እንግሊዝ ያኔ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበረች ዕለቱ በአዲሱ 21 ይሆናል፤ በእኛ ደግሞ መጋቢት 14 ቀን 1740 ዓ.ም.። መርከቧ ሞቃት ባሕር ላይ ብዙ በመቆየቷ ሸራዋም ገመዷም አልቆ ነበርና ሰሜን አትላንቲክን የምትችል አልነበረችም። ማዕበሉ በአንድ ጎኗ የላይኛውን ሳንቃ ገነጠለው። ሰዎቹ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ብቻ ነበሩ። ከፊሉ ፓምፕ ይገፋል፣ ከፊሉ በባልዲ ይቀዳል፤ ልብሳቸውንና አንሶላቸውን ስንጥቁ ውስጥ ወትፈው በላዩ ሳንቃ ቸነከሩበት። ኒውተን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት እስከ ቀትር ፓምፕ ላይ ዋለ። አንድ ሰዓት ያህል ጋደም ካለ በኋላ፣ ፓምፕ መግፋት ሲያቅተው፣ መሪውን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ቆመ። መርከቧ ለምን አልሰጠመችም? ኒውተን ራሱ የጻፈው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰሙና እንጨቱ ከውኃ ይቀሉ ነበር። በጎቹን፣ አሳማዎቹንና ዶሮዎቹን ባሕሩ ወሰዳቸው፤ የስንቁ በርሜሎችም ተሰባበሩ። ከአራት ሳምንት በኋላ አየርላንድ ሲደርሱ የመጨረሻው ምግብ ድስት ውስጥ እየፈላ ነበር።

እግዚአብሔርን የጠራው በዚያች ቀን ነው፤ ይህ እውነት ነው። ዕለቲቱንም ዕድሜውን ሙሉ አስቧታል። ነገር ግን በሙሉ ትርጉሙ አማኝ የሆንኩት ብዙ ቆይቶ ነው ሲል በራሱ እጅ ጽፏል።

የሚዘለሉት ስድስቱ ዓመታት እነዚህ ናቸው። በዚያው በ1748 ብራውንሎው በተባለች ባሪያ ጫኝ መርከብ ላይ ምክትል አዛዥ ሆኖ ወጣ። ከ1750 እስከ 1754 ደግሞ ሦስት ጊዜ ራሱ አዛዥ ሆኖ ሄደ፤ አንዴ በዱክ ኦቭ አርጋይል፣ ሁለቴ በአፍሪካን። እሑድ እሑድ መርከበኞቹን ሰብስቦ ጸሎት ያደርስ ነበር፤ ከእግራቸው በታች ምድር ቤት ውስጥ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በብረት ታስረው። በታኅሣሥ 1752 ባሪያዎቹ ሊያምፁ ነው ተብሎ ሲጠረጠር፣ ልጆችን በብረት አስሮ አውራ ጣታቸውን በመጭመቂያ እንደያዘ በመርከቡ መዝገብ ላይ አስፍሯል። «በመጠኑ» የሚል ቃልም ጨምሮበታል። ንግዱን የተወው ኅሊናው ወቅሶት ሳይሆን በ1754 መጨረሻ፣ ለአራተኛ ጉዞ ሲዘጋጅ፣ ድንገት ታምሞ ስለወደቀ ነው።

ቀጥሎ ሊቨርፑል ወደብ ላይ ኮንትሮባንድ የሚፈትሽ የጉምሩክ ሠራተኛ ሆነ፤ በትርፍ ጊዜው ግሪክኛና ዕብራይስጥ ተማረ። በ1758 ክህነት ቢጠይቅ ተከለከለ፤ ያገኘው በ1764 ነው። ኦልኒ በተባለች ትንሽ ከተማ በዓመት 60 ፓውንድ ደመወዝ አገለገለ። ሕዝቡ ስለበዛ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰገነት መጨመር ግድ ሆነ። መዝሙሩ የተጻፈው እዚያ፣ ለ1773 የአዲስ ዓመት ስብከት ነው፤ መነሻው የማዕበሉ ትረካ ሳይሆን ዳዊት «እኔ ማን ነኝ?» የሚልበት 1ኛ ዜና መዋዕል 17 ነው። ዛሬ የምንሰማው ዜማ እንኳ የተገጠመለት በ1835 አሜሪካ ውስጥ ነው።

ስለ ባሪያ ንግድ በአደባባይ የተናገረው በ1788 ነው፤ ከመጨረሻው ጉዞው 34 ዓመት በኋላ። ባወጣት ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ የመርከብ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ቁልጭ አድርጎ አስቀመጠ፤ መቶ ቶን የምትጭን መርከብ ከ220 እስከ 250 ሰው እንድትገዛ እንደሚታሰብ፣ የምድር ቤቱ ቁመት አምስት ጫማ ገደማ (አንድ ሜትር ተኩል) መሆኑን፣ እሱም መሐል ላይ ለሁለት ተከፍሎ ሰዎቹ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ መጽሐፍ እንደሚደረደሩ። አቀራረቡም ብልኃት አለበት። የጀመረው በአፍሪካውያኑ ሥቃይ ሳይሆን በእንግሊዝ መርከበኞች ሞት ነው፤ የፓርላማ ሰው ቶሎ የሚደነግጠው በየትኛው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ድርሻውን ግን አልሸሸገም፤ ልቤ ዛሬ በሚንቀጠቀጥበት ሥራ ውስጥ እጄ ነበረበት ብሏል። የባሪያ ንግድን የሚከለክለው ሕግ መጋቢት 1807 ጸደቀ፤ እሱ ታኅሣሥ 21 ቀን በዚያው ዓመት በ82 ዓመቱ አረፈ።

ለእኔ የሚገርመኝ የመቃብሩ ጽሑፍ ነው፤ ያዘጋጀው ራሱ ነው። ቀድሞ ከሃዲና ልቅ እንደነበረ፣ አፍሪካ ውስጥ የባሪያዎች አገልጋይ ሆኖ እንደኖረ፣ በክርስቶስ ምሕረት እንደዳነና ሊያጠፋው የደከመበትን እምነት እንዲሰብክ እንደተሾመ ይናገራል። ሴራሊዮን ላይ የደረሰበት መከራ ገብቷል። ሦስቱ የአዛዥነት ጉዞዎች ግን በድንጋዩ ላይ የሉም።